ተከትሎ የገባው ሰው

ለግንባታ ተቋራጮች፣ ለፎርማኖች፣ ለጉድጓድ ሠራተኞችና ለቤት ባለንብረቶች የቀረበ ዲስኩር



 እዚህ አዳራሽ ውስጥ በሜትር ተዋውሎ ጉድጓድ የሚቆፍር አለ፤ ሽንት ቤት የሚያስጠርግ የቤት ባለቤት አለ፤ ፎርማን አለ፤ የፍሳሽ ቦቴ የሚነዳ አለ። ነገ ጠዋት በአንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ልትገናኙ የምትችሉ ሰዎች ስለሆናችሁ አንዳችሁን ካንዳችሁ ለይቼ አልናገርም።

ሁላችሁንም በሚመለከት አንድ አደጋ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2017 ጃንዋሪ ወር፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ኪ ላርጎ በተባለ ቦታ አንድ ሠራተኛ መንገድ ሥር ወዳለ የፍሳሽ ጉድጓድ ወረደ። ጥልቀቱ 15 ጫማ፣ ማለትም 4 ሜትር ተኩል ገደማ ነበር። ድምፁ ሲጠፋ ጓደኛው ተከትሎት ገባ፤ እሱም ዝም አለ። ሦስተኛው ሁለቱን ላውጣ ብሎ ወረደ። ሦስቱም ሞቱ። ከዚያ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ደረሰ። የጉድጓዱ አፍ ጠባብ ስለነበር የአየር ሲሊንደሩን በጀርባው እንዳዘለ ማለፍ አልቻለም፤ ያለ ሲሊንደሩ ገባ፤ ወዲያው ራሱን ሳተ። እሱ እንኳ የተረፈው ጓዶቹ ቶሎ ስላወጡት ነው። ጉድጓዱ ውስጥ የነበረው ሃይድሮጂን ሰልፋይድና ሚቴን ነው።

ይህ የሆነው ሕጉም፣ መሣሪያውም፣ ሥልጠናውም በሞላበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሜይ ወር ደግሞ ጣሊያን ውስጥ፣ ሲሲሊ ደሴት ላይ ካስቴልዳቺያ በተባለች ከተማ የፍሳሽ መስመር ሲጠግኑ የነበሩ 5 ሠራተኞች በአንድ ቀን ሞቱ። እዚያም አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሊረዳ እየገባ ነው።

የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በእንዲህ ያሉ የታፈኑ ቦታዎች ከሚሞቱት ሰዎች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሌላውን ሊያድኑ የገቡ ናቸው ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 በመረመራቸው አደጋዎች ላይ ሰፋ ያለ ዘገባ ሲያወጣ ድርሻው ወደ 36 በመቶ ወርዷል። የትኛው ቁጥር ወደ እውነቱ እንደሚቀርብ ባለሙያዎች ይከራከሩበት፤ ለእኔ ዝቅተኛው ይበቃኛል። ከሦስት ሟቾች አንዱ ወደዚያ ጉድጓድ ለመግባት ጠዋት አስቦት አያውቅም ማለት ነው። ስለ መጀመሪያው ሰው ብዙ ተብሏል፤ እኔ ዛሬ ያን ተከትሎ ስለሚገባው ልናገር ነው የመጣሁት። እሱን ማትረፍ ይቻላል፤ ያውም ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ።

የእኛን አገር አካሄድ ልንገራችሁ። የአንድ ቤት ታሪክ አይደለም፤ ከብዙ ቤት የተለቀመ ነው።

በጋ ነው። የግቢው ጉድጓድ ውሃ ሸሽቷል። ባለቤቱ ጥቂት ሜትር ዝቅ ይደረግልኝ፣ ደለሉም ይውጣልኝ ብሎ አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ያነጋግራል። ቆፋሪው ከእህቱ ልጅ ጋር ይመጣል። ከአፉ ላይ ድንጋይ የተጫነበት ቆርቆሮ ይነሣል። ገመድ አለ፤ የታሰረው ግን ባልዲው ላይ ነው። ቆፋሪው በግድግዳው ላይ ተፈልፍለው የቀሩትን የእግር ማሳረፊያዎች እየረገጠ ይወርዳል። አንድ ባልዲ ጭቃ ይወጣል፤ ሁለተኛው ይወጣል። ሦስተኛው ሲጎተት ባዶ ነው። ልጁ "ጋሼ!" ብሎ ይጣራል። አጎንብሶ ሲያይ አጎቱ ግድግዳውን ተደግፎ እንደሚያርፍ ሰው ተቀምጧል። ጮኾ ሰው ይጠራል፤ ሰዉ እስኪሰበሰብ ግን አይጠብቅም። ይወርዳል። ደረሱልን የተባሉት ጎረቤቶች ሲመጡ ሁለት ሰው ነው የሚያዩት። ከመካከላቸው ጉልበቱን የሚያምን አንድ ወጣት ሸሚዙን አውልቆ አፍንጫው ላይ ያስርና...

ቀሪውን ታውቁታላችሁ። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በየጊዜው የሚናገረውን የሚሰማ ሰው ታሪኩ አዲስ አይሆንበትም።

ያ ወጣት ፈሪ ስላልሆነ ልንወቅሰው አንችልም። ያደግነው ሰው ሲጣራ አቤት በል፣ ሲወድቅ ድረስለት ተብለን ነው። እዚህ ላይ ግን ልባችን የሚያዘንን ሰውነታችን ሊፈጽመው አይችልም። ለምን እንደማይችል ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

የምንተነፍሰው አየር 20.9 በመቶው ኦክስጅን ነው። ባለሙያዎች ከ19.5 በመቶ በታች የወረደ አየር ውስጥ ሰው አይግባ ይላሉ። ወደ 16 ሲወርድ ፍርድ ይዛባል፤ ሰው ስህተት መሥራቱን የሚያውቅበት አእምሮው ቀድሞ ይዳከማል። ወደ 10 ሲጠጋ ይወድቃል። ከ6 በታች ከሆነ አንድ ሁለት ትንፋሽ ይበቃል። ይህ የሆነበት ምክንያት ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። ሳንባ ኦክስጅን ማስገቢያ ብቻ ይመስለናል፤ ኦክስጅን በሌለው አየር ውስጥ ግን ያው ሳንባ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ወደ ውጭ ይለቃል። በጥልቀት በተነፈስን ቁጥር ያለንን እናስወጣለን።

ከዚህ የሚብሰው ማስጠንቀቂያ አለመኖሩ ነው። ትንፋሻችንን ስንይዝ የሚያስጨንቀን፣ ደረታችንን የሚያፍነን ነገር የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን በደማችን ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ኦክስጅን ብቻ ተሟጦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያልሆነ ሌላ ጋዝ በተካበት ጉድጓድ ውስጥ ያ ጭንቀት አይመጣም። ሰውየው መታፈኑን አያውቅም። ጉልበቱ ይከዳዋል፤ መሰላሉን የያዘው እጁ ይላላል፤ ያበቃል። "ቀፈፍ ሲለኝ እወጣለሁ" የሚል ሰው ቀፈፍ የሚለው አካሉ እዚያ ውስጥ እንደማይሠራ አልተነገረውም።

"ትንፋሼን ይዤ ቶሎ አውጥቼው እመለሳለሁ" የሚልም አለ። ሞክሩት፤ ቤታችሁ ውስጥ፣ ደረቅ መሬት ላይ። ትንፋሻችሁን ይዛችሁ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ከወለል አንሡ። ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ ከሲሚንቶ ይከብዳል፤ ከእጅ ያመልጣል፤ የሚያዝበት የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኛን በተለይ የሚመለከት ስለሆነ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው። የኦክስጅኑ ድርሻ እዚህም 20.9 በመቶ ነው፤ የአየሩ ግፊት ግን በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ቀድሞውኑ ያነሰ ነው። በሌላ አገር መመሪያ ላይ "ሰው በዚህ መጠን ይህን ያህል ደቂቃ ይቆያል" ተብሎ የተጻፈ ነገር ስታነቡ ለእኛ ከዚያ ያጥራል ብላችሁ አስቡ።

አሁን ወደ ጋዞቹ እንምጣ። ከሁሉም የሚከፋው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው። ሽንት ቤት፣ ሴፕቲክ ታንክ፣ የፍሳሽ ማንሆል፣ የከብት እዳሪ የተጠራቀመበት ጉድጓድ፣ አየር በማያገኝበት ቦታ የበሰበሰ ነገር ሁሉ ይፈጥረዋል። ሽታው የገማ እንቁላል ሽታ ነው። አፍንጫችን በጣም ጥቂቱን፣ በሚሊዮን ክፍል አየር ውስጥ አንድ ክፍል እንኳ ሳይሞላ ይለየዋል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። መጠኑ በሚሊዮን 100 ክፍል ሲደርስ የማሽተቻ ነርቭ ይደነዝዝና በደቂቃዎች ውስጥ ሽታው ይጠፋል። ሠራተኛው "አሁን ተሻለ፣ አየር ገባ" ይላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ነው መፍራት ያለብን። ከ500 በላይ ሲሆን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይወድቃል፤ ወደ 1,000 ሲደርስ ጥቂት ትንፋሽ ይበቃል። ይህ ቁጥር ትልቅ እንዳይመስላችሁ፤ በሚሊዮን 1,000 ማለት ከአየሩ አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም፤ የአንድ መቶኛ አንድ አሥረኛ ነው።

እዚህ ላይ ፎርማኖች ጆሯችሁን ስጡኝ። ይህ ጋዝ በዝቃጩ ውስጥ ተቋጥሮ ይቀመጣል። ክዳኑን ከፍታችሁ ስትለኩት አየሩ ደህና ሊሆን ይችላል። ሰው ገብቶ በቦቲው ሲረግጠው፣ በአካፋ ሲገለብጠው ነው ጋዙ በአንድ ጊዜ ፈንቅሎ የሚወጣው። ጠዋት የተለካ አየር ለጠዋቱ ብቻ ነው የሚመሰክረው። ስለዚህ መለኪያው ከሠራተኛው ደረት ላይ ተንጠልጥሎ እስኪወጣ ድረስ መሥራት አለበት።

ይኸው ጋዝ ቆዳ ፋብሪካም አለ። ሞጆ አካባቢ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ፀጉር ለማራገፍ የሚገባው ሶዲየም ሰልፋይድ ከሌላው በርሜል ከሚወጣ አሲድ ጋር በፍሳሽ ቦይ ውስጥ ሲገናኝ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይፈጠራል። ሁለቱ ፍሳሾች ተለያይተው እንዲሄዱ የሚደረገው ለዚህ ነው። በቤት ውስጥም ተመሳሳይ ነገር እንሠራለን። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጠቢያ አሲድ ጋር ደባልቆ መስኮት በሌለው ባኞ ቤት ውስጥ በርከክ ብሎ የሚፈትግ ሰው ክሎሪን እየተነፈሰ ነው። ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ልጆቻችን ይህን ሳይነገራቸው ባይሄዱ ደስ ይለኛል፤ "ሁለቱን ብትቀላቅዪው ይበልጥ ያነጣልሻል" የምትል እመቤት እዚያም አትጠፋም።

ካርቦን ሞኖክሳይድን ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። ከሰል ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር፣ አራስ በተኛች ቁጥር የምንሰማው ነው። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሳፈርበትን ወንበር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዛል፤ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ወራጅ አለ ብሎ በየፌርማታው የሚወርድ አይደለም፣ ለሰዓታት ይቀመጣል። ታክሲው ይሄዳል፣ ሞልቷል፤ የሚፈለገው ሰው ግን ውስጡ የለም።

ወደ ጉድጓድ ስንመጣ ይህን ጋዝ እኛው ራሳችን ነን የምናስገባው። ውሃ ለመቀነስ በቤንዚን የሚሠራ ፓምፕ እናወርዳለን። ለምን ከላይ ሆኖ እንደማይስብ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ከላይ ሆኖ የሚስብ ፓምፕ የሚሠራው በአየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ በቀመር ደረጃ ከ10 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ያነሣል፤ አዲስ አበባ ላይ ያው ቀመር 8 ሜትር አይሞላም፤ በተግባር 6 ሜትርም ካነሣ ደህና ነው። ጉድጓዱ 12 ሜትር ሲሆን ሰዉ ተናዶ ሞተሩን በገመድ ወደ ታች ያወርደዋል፤ ወይ መሐል ላይ መደገፊያ ሠርቶ ያስቀምጠዋል። ሞተሩ በተጠጋ ቁጥር ውሃው ይመጣል፤ ጭሱም ጉድጓዱን ይሞላዋል። ሞተሩ ቢጠፋም የሞላው ጋዝ እዚያው ነው። በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ወደ ጉድጓድ አይወርድም፤ ለጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ውስጥ ገብቶ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ፣ ሰመርሲብል የሚባለው ነው የሚያስፈልገው። ጀነሬተሩም ከጉድጓዱ አፍ ርቆ፣ ነፋሱ ጭሱን ከጉድጓዱ በሚያርቅበት በኩል ይቁም። ጀነሬተሩን አፉ ላይ አስቀምጦ ጭሱን ወደ ውስጥ የሚያጠጣ ስንት ሰው አይቻለሁ!

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ይከብዳል። ዝቅ ያለ ቦታ ካገኘ ተኝቶ ይቀራል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 21 ቀን 1986 ካሜሩን ውስጥ ኒዮስ ከተባለ ሐይቅ ውስጥ በአንድ ሌሊት ፈንድቶ የወጣው ይህ ጋዝ በሸለቆው ሄዶ ከ1,700 በላይ ሰው ከነከብቱ በተኛበት ገድሏል። እኛም አገር ዳሎል አካባቢ ጋኤታሌ በተባለችው ኩሬ ዳር ሞተው የሚገኙት ወፎች የዚሁ ጋዝ ሰለባዎች ናቸው።

ገበሬውስ? ሐረርጌ ማሽላ በጉድጓድ የሚያስቀምጥ ሰው ነገሩን ከእኛ በፊት ነው የሚያውቀው። እህል ይተነፍሳል። በታሸገ ጉድጓድ ውስጥ ኦክስጅኑን ይጨርስና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተካበታል፤ ነቀዝ የሚሞትበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጉድጓዱ ሲከፈት ሳይናፈስ የገባ ሰው የነቀዙ ዕጣ ይደርሰዋል። ሲሚንቶ የተለሰነ የምድር ውስጥ ታንከር፣ ለዓመት ተዘግቶ የቆየ የብረት በርሜል፣ እነዚህም እንደዚሁ ናቸው። ብረት ሲዝግ ከአየሩ ኦክስጅን ይወስዳል። "ውስጡ ምንም የለም እኮ፣ ባዶ ነው" የሚባለው ታንከር ሰው ሊገድል የሚችለው በዚህ ነው።

ሚቴንን በአጭሩ ልለፈው፤ ከአየር ይቀልላል፣ አይሸትም፣ ከአየሩ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲይዝ ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል። ሴፕቲክ ታንክ አፍ ላይ ሲጋራ የሚለኩስ ሠራተኛ ካላችሁ ከሥራው አሰናብቱት፤ ይርገማችሁ እንጂ በሕይወት ነው የሚራገመው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ በሄድኩበት ሁሉ ይነሣል። "እኛ ሻማ ለኩሰን እናወርዳለን፤ ካልጠፋ እንገባለን።" ሻማ ኦክስጅን ወደ 16 እና 17 በመቶ ሲወርድ ይጠፋል። ስለዚህ ለኦክስጅን ማነስ ነገር ይመሰክራል፤ ውሸት አልልም። ነገር ግን አሁን ያልኳችሁን ሃይድሮጂን ሰልፋይድ አስታውሱ፤ ሰውን የሚጥለው ከአየሩ አንድ መቶኛ ሳይሞላ ነው። ሻማው አያውቀውም፤ እያበራ ይቀጥላል። ሚቴን ካለ ደግሞ ሻማው ራሱ ነው ክብሪቱ። የጠፋ ሻማ "አትግባ" ይላል፤ ያልጠፋ ሻማ ግን "ግባ" አላለም።

ዶሮ አውርደን ብንፈትንስ የሚለኝም አለ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ታላቅ ሊቅ የሠራበት ነው። ጆን ስኮት ሃልዴን የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1896 በዌልስ ታይለርስታውን በደረሰው የከሰል ማዕድን ፍንዳታ የሞቱትን ሠራተኞች መርምሮ፣ አብዛኛዎቹን የገደለው ፍንዳታው ሳይሆን ከኋላው የመጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን አሳየ። ጋዙን በገዛ ራሱ ላይ ሳይቀር እየሞከረ አጠና። ትናንሽ እንስሳት ከሰው ቀድመው ስለሚወድቁ ማዕድን ሠራተኞች ይዘዋቸው እንዲወርዱ መከረ። ካናሪ የተባለችው ወፍ ለዚህ ሥራ የተመረጠችው በዚህ ነው። እንግሊዞች ወፏን አሰናብተው በኤሌክትሮኒክ መለኪያ የተኩት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። እኛ ከዚያ በኋላ ወደ ዶሮ የምንሄድበት ምክንያት አይታየኝም።

ቀደም ሲል ሰው የሚበላ ጉድጓድ ሲያጋጥም "ጋኔን አለበት" ይባል ነበር። የዘመኑ ሰው ይስቅበታል። እኔ አልስቅበትም። ጋኔን አለበት ያለው ሰው ተከትሎ አይገባም ነበር፤ ክዳኑን ገጥሞ ይተወዋል። ምክንያቱ ስህተት ነበር፤ የተደረገው ነገር ግን ትክክል ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የመጀመሪያው ጥያቄ "ሰው የግድ መግባት አለበት ወይ?" የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ የለበትም። ሽንት ቤት በቦቴ ይመጠጣል። የጠነከረው ዝቃጭ በውሃ ግፊት ይበጠበጥና ይመጠጣል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ሕግ ሰውን ያለ መከላከያ ወደ ፍሳሽ መስመርና ወደ ሴፕቲክ ታንክ ማስገባትን ከልክላለች፤ አገሪቱ ይህን ያደረገችው ለብዙ ዘመን የአንድን ወገን ልጆች በዚያ ሥራ ከጨረሰች በኋላ ነው። ሕጉ ዛሬም እንደሚጣስ የታወቀ ነው። ቢሆንም "ሰው አይግባ" ብሎ መጀመር "ተጠንቅቆ ይግባ" ከማለት ይሻላል።

የግድ መግባት ካለበት በቅድሚያ ይለካ። መለኪያው በእጅ የሚያዝ ነው፤ አራት ነገር ያነባል፦ ኦክስጅን፣ ተቀጣጣይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ። መጀመሪያ ንጹሕ አየር ላይ፣ በምትሠሩበት ከፍታ ላይ አስነሡትና ትክክል ማንበቡን እዩ። ከዚያ በገመድ ወይም በቱቦው ወደ ታች አውርዱት፤ ከአፉ አጠገብ፣ ከመሐል፣ ከሥር ለኩ። አንዱ ጋዝ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሌላው ታች ይተኛል፤ አፉ ላይ ብቻ የለካ ሰው አልለካም።

ቀጥሎ አየር ይነፋ። ክዳን ከፍቶ አንድ ሰዓት መጠበቅ ከባድ ጋዝን ከጉድጓድ አያወጣም። ማራገቢያ በሰፊ ቱቦ እስከ ሥሩ ድረስ ንጹሕ አየር ይግፋ፤ ሥራው እስኪያልቅም አይጥፋ። አደራ፣ ከብየዳ ሲሊንደር ኦክስጅን አትልቀቁበት። "ኦክስጅን ነው የጎደለው" ብለው ይህን ያደረጉ አሉ። በኦክስጅን የተሞላ ጉድጓድ ውስጥ ልብስ በአንዲት ብልጭታ ይነድዳል፤ ለማጥፋት ጊዜ አይሰጥም።

በአቧራ ማስክ፣ በኮቪድ ጊዜ በለመድነው ማስክ፣ በእርጥብ ፎጣ ጋዝ አይጣራም። ፋብሪካ የሚሠራበት ባለ ፊልተር ማስክ እንኳ ኦክስጅን በጎደለበት ቦታ ዋጋ የለውም፤ ማጣራት እንጂ መፍጠር አይችልም። የሚሠራው አየሩን ከውጭ ይዞ የሚገባው ነው፤ ሲሊንደር ያለው ወይም ከላይ በቱቦ የሚመጣለት።

ከዚያ ገመድ። ገመዱ ባልዲው ላይ ሳይሆን ሰውየው ላይ ይታሰር። ወገብ ላይ አይደለም፤ ትከሻና ጭን የሚይዝ ሙሉ ቀበቶ ላይ፣ ከጀርባው በትከሻዎቹ መሐል። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ባለ ሦስት እግር ማንጠልጠያና በእጅ የሚጠመዘዝ ማንሻ ይቁም። ይህ ካለ ከታች ራሱን የሳተውን ሰው ላይ ያለው አንድ ሰው ብቻውን፣ ማንም ሳይገባ ያወጣዋል። ተከትሎ የሚገባውን ሰው ያተረፍነው እዚህ ላይ ነው። ድፍረት አልጠየቅነውም፤ ማንሻውን እንዲያዞር ብቻ ነው የጠየቅነው።

ላይ የሚቆመው ሰው ሥራ መቆም ነው። ሲሚንቶ አምጣ፣ ሻይ ግዛ ተብሎ አይላክም። በየደቂቃው ከታች ካለው ጋር ይነጋገራል፤ መልስ ከዘገየ ይስባል፣ "ምናልባት አልሰማኝ ይሆናል" ብሎ አይጠብቅም። ከሁሉ በላይ እሱ በምንም ምክንያት አይገባም። ይህን ከሥራው በፊት ጠዋት በቃል አስገቡት፤ የገባው ወንድሙ ቢሆንም እንኳ አይገባም። እኔ ወንድማማቾችን፣ አባትና ልጅን በአንድ ጉድጓድ ላይ አብሮ ማሰማራት አይዋጥልኝም። ላይ የሚቆመው የሥጋ ዘመድ ከሆነ ያን ቃሉን ይጠብቃል ብዬ አላምንም፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን አልጠብቅም።

አደጋ ከደረሰስ? አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ 939 ደውሉ። ስትደውሉ "ሰው ጉድጓድ ውስጥ ወድቋል" ብቻ አትበሉ፤ "ጋዝ ሳይኖር አይቀርም፣ የአየር ሲሊንደር ይዛችሁ ኑ" በሉ። ማራገቢያ ካለ ወደ ታች ይንፋ። ሰውየው በገመድ ካለ ይሳብ። ከዚያ ሁለት ጠንካራ ሰው መርጣችሁ ለአንድ ሥራ ብቻ መድቡ፤ ዘመድ ያዙ በሏቸው። የሚያለቅሰውን ወንድም፣ ልብሱን የሚያወልቀውን ጎረቤት በጉልበት ይዘው ያቆዩ። ይህ ጭካኔ ይመስላል፤ ይሰድቧቸዋልም። ይስደቧቸው።

ስለ ተጠያቂነት ጥቂት ልበል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ጤናና ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። ሕጉ አለ። በሜትር የተዋዋለው ቆፋሪ ግን ወረቀት የለውም፤ መድን የለውም፤ ሲሞት "ራሱ ነው የገባው" ይባላል። ባለቤቱም አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ርካሹን ዋጋ ነው የመረጠው። ርካሽ የሆነው ግን ማራገቢያው፣ መለኪያውና ላይ የሚቆመው ሰው ስለተቀነሱ ነው። እናንተ የቤት ባለቤቶች ሁለት ቆፋሪ ዋጋ ሲሰጣችሁ "ገመድህ የት ነው? ማን ነው ላይ የሚቆመው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የሌለውን አሰናብቱት። ከንግግር ሁሉ ይህ ጥያቄ ይበልጥ ሥራ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

"መሣሪያው ውድ ነው፣ በዶላር የሚመጣ ነው" ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። አንድ ቆፋሪ ለብቻው አይገዛውም፤ አንድ የቤት ባለቤትም ለአንድ ቀን ሥራ አይገዛውም። ነገር ግን ድንኳን ለብቻው የሚገዛ ሰውስ አለ? እድራችን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት አለው። ለሰው ሞት የሚያስፈልገውን ዕቃ በጋራ መግዛት ለዘመናት የተካንበት ነገር ነው። አንድ መለኪያ፣ አንድ ማራገቢያ ከነቱቦው፣ አንድ ባለ ሦስት እግር ማንጠልጠያና ሁለት ቀበቶ የሁለት ሦስት እድር ዕቃ ቢሆን፣ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ከድንኳኑ ጎን ቢቀመጥ፣ ጉድጓድ የሚያስጠርግ አባል እንደ ድንኳኑ ተከራይቶ ቢወስደው ምን ይከለክለናል? ተቋራጮችም በማኅበራችሁ ይህንኑ ማድረግ ትችላላችሁ።

ይህን ለምታስቡ ሁለት ነገር ላስጠንቅቅ። መለኪያው ተገዝቶ ካርቶን ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። ውስጡ ያሉት ጋዝ የሚያነቡት ክፍሎች ብዙውን ጊዜ በሁለት ሦስት ዓመት ያልቃሉ፤ መተካት አለባቸው። ከእያንዳንዱ ሥራ በፊትም ከትንሽ ሲሊንደር በሚወጣ የታወቀ መጠን ባለው ጋዝ መፈተሽ አለበት፤ ሲሊንደሩም ጊዜው ያልፍበታል። ስለዚህ ሲገዛ የመተኪያው ዋጋ አብሮ ይታሰብ። ሁለተኛው፣ ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ አይሁን። የእድሩ ዳኛ ገጠር ሄደዋል ተብሎ ሥራው ያለ መለኪያ እንዳይጀመር።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ መለኪያውንና ቀበቶውን አምጥቻለሁ። ከእናንተ መካከል ከበድ ያለ ሰው ፈቃደኛ ከሆነ ቀበቶውን አልብሰን በማንሻው እናነሣዋለን፤ አንዲት ሴት ብቻዋን እንደምታነሣው ታያላችሁ። ከዚያ በፊት ግን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።